ጉዱ ካሣን ግድግዳ ላይ ማውጣት፤ ክረምት የሚሻገር ሥዕል በባሕር ዳር

ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ የፍቅር ምሳሌ ሆነው ሲጠሩ ኖረዋል። የዚያው ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ካሣ ዳምጤ ግን ያፈራው ወዳጅ ሌላ ዓይነት ነው። አገሬው «ጉዱ ካሣ» ብሎ እንደ እብድ ሲቆጥረው፣ እውነቱን ከመናገር ያልተመለሰውን ይህን ሰው እንደ ሥጋ ዘመዱ የሚወደው አንባቢ ጎጃም ውስጥ ሞልቷል። ይህ ፍቅር ወደ አደባባይ ወጥቶ ሥዕል፣ ቅርጽ ወይም ንባብ ሲሆን ደስ ይላል። የሚያሳዝነው ሥራው በችኮላ ሲሠራና በሁለተኛው ክረምት ተላልጦ ሲወድቅ ነው። የአደባባይ ሥዕል ዕድሜው የሚወሰነው ቀለም ከመነካቱ በፊት በሚሠራው ሥራ ነው፤ ከጣና ዳር እርጥበት ጋር ደግሞ ይህ የበለጠ እውነት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ብሩሽ የምንለው ስለ ግድግዳ ከምንለው ያንሳል።

መጀመሪያ ግን መልኩ። ጉዱ ካሣ ሁሉም የሚስማማበት ፎቶ ወይም ሥዕል የለውም። መጽሐፉ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ከቀረበ ወዲህ ብዙ ሰው የሚቀናው የተዋናዩን ፊት ከስልክ ላይ መገልበጥ ነው። ይህን አትፈልጉት። የተዋናዩ ምስል የራሱ ነውና ያለ ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ማውጣት አይገባም፤ ከዚህም በላይ አላፊ አግዳሚው የሚያየው ተዋናዩን እንጂ ካሣን አይሆንም። ይልቅ መጽሐፉን እርሳስ ይዛችሁ እንደገና አንብቡትና አንድ ወረቀት በሦስት ዓምድ ክፈሉ። በመጀመሪያው ስለ መልኩና ስለ አለባበሱ የተጻፈውን፣ በሁለተኛው ሲናገርና ሲሄድ የሚያደርገውን፣ በሦስተኛው በየትዕይንቱ አጠገቡ ማን እንዳለ ከነገጹ መዝግቡ። ሥዕሉ ላይ ክርክር ሲነሳ፣ መነሳቱም አይቀርም፣ መልሱ ያ ወረቀት ነው።

ከመንገድ ማዶ ሰው የሚታወቀው በፊቱ ሳይሆን በአቋሙ ነው። ቀኝ እጁ ነገር እንደያዘ ሰው የተዘረጋ፣ አንገቱ ቀና ያለ፣ ዙሪያው ጀርባቸውን የሰጡት ሰዎች፤ ይህ ብቻ ከሃያ ሜትር ርቀት «ጉዱ ካሣ ነው» ያሰኛል። ልብሱን ሸማ አድርጉት፤ በርኖስ ካለበሳችሁት ከማዶ የሚታየው የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ነው። ጀርባ የሰጡትን ሰዎች በተመለከተ ዘጌ ሄዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን አይቶ መመለስ ይጠቅማል። በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ወግ ጻድቁ ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሳላል፣ ክፉው በአንድ ዓይን በጎን ይሳላል። ለካሣ ሁለቱንም ዓይኖቹን ስጡት። አገሬውን ግን በጎን አትሳሉት፤ ያ ሕዝብ ልማዱን የያዘ ሰው እንጂ ሰይጣን አይደለምና ጀርባው ይበቃል። አክሊለ ብርሃን በካሣ ራስ ላይ ማድረግ ግን ፈጽሞ አይገባም። ምእመኑን ያስቀይማል፣ ካሣንም ያልሆነውን ያደርገዋል።

ግድግዳው

ባሕር ዳር ከወገብ በስተ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትሄድ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚያይ ግድግዳ ሙሉውን በጋ ይጠበሳል። ወደ ሰሜን የሚያይ ግድግዳ ቀለሙን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል፤ ጉዳቱ ከክረምት በኋላ ቀስ ብሎ መድረቁ ነው። ምርጫ ካላችሁ ሰሜኑን ይዛችሁ አንድ ወር መታገስ ይሻላል።

ከዚያ በፊት ጣሪያውን እዩት። አሸንዳው የተቀደደ ወይም የጣሪያው ክፈፍ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከሆነ ውሃው በቀጥታ በካሣ ፊት ላይ ይወርዳል። አሸንዳውን ማስጠገን የሥዕሉ ወጪ አካል ነው። የግድግዳውን የታችኛውን 50 ሴንቲ ሜትር ደግሞ አትሳሉበት። ዝናብ ከመሬት ጭቃ እያነሳ የሚረጨው እዚያ ነው፤ ከመሠረቱ ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበትም ጨውን ይዞ የሚወጣው እዚያ ነው። ጥቁር ግራጫ ቀብታችሁ ተዉት፤ ሲበላሽ ያን ብቻ መቀባት ይቻላል።

ልስኑ አዲስ ከሆነ 28 ቀን ይቆይ። ትኩስ ሲሚንቶ ቀለም ይበላል፤ በተለይ ሰማያዊውና ቀዩ ይነጣሉ። ልስኑ አሮጌ ከሆነ ሦስት ነገር ፈትሹ። አንደኛ በጥቁር ጨርቅ አሹት፤ ነጭ ዱቄት ከያዘ የቀድሞ ኖራ አለበትና በሽቦ ብሩሽ እስኪለቅ መፋቅ አለበት። ኖራ ላይ የተቀባ ፕላስቲክ ቀለም ከኖራው ጋር አብሮ እንደ ወረቀት ይገነጠላል። ሁለተኛ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ በአራቱም ጎን በፕላስተር አጥብቃችሁ ለጥፉና አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ተዉት። ከውስጥ በኩል ጤዛ ከቋጠረ ወይም ግድግዳው እዚያ ቦታ ላይ ከጠቆረ ገና እርጥብ ነው፤ ቀለም ብትቀቡት ያብጣል። ሦስተኛ እንደ ጥጥ የሚመስል ነጭ ጨው ካለ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት እንጂ በውሃ አትጠቡት። ውሃ ጨውን አሟሙቶ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይወጣል። እየጠረጋችሁ ጥቂት ቀን ጠብቁ፤ መውጣቱን ሲያቆም ግድግዳው ዝግጁ ነው።

ከ2 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ስንጥቅ በመሮ ጫፍ አፉ እንዲሰፋ ተከፍቶ፣ በውሃ ረጥቦ፣ አንድ እጅ ሲሚንቶና ሦስት እጅ በደቃቅ ወንፊት የተነፋ አሸዋ ይሞላበታል። ለቤት ውስጥ የሚሸጠውን የጀሶ ስቱኮ ውጭ አትጠቀሙ። ሲቀባ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ሐምሌ ላይ ግን ውሃ ጠጥቶ ይፈርሳል፣ ከነቀለሙ ይወድቃል። በዚህ ምክንያት ብቻ የተበላሸ ብዙ ሥዕል አለ።

ፈቃድን በተመለከተ የግድግዳው ባለቤት በጽሑፍ ይፍቀድ፤ በወረቀቱም ሥዕሉ ቢያንስ ስንት ዓመት እንደሚቆይና ግድግዳው ቢታደስ ምን እንደሚደረግ ይጻፍ። ከዚያ ንድፉን ይዞ ወደ ቀበሌና ወደ ከተማው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ መሄድ ነው። ንድፉ በቀለም ተሠርቶ ከቀረበ ጥያቄው ያንሳል።

መለካትና መሳል

ለመጀመሪያ ሥራ ስፋቱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር የሆነ ግድግዳ ይበቃል። ንድፉን በ30 በ40 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ሠርታችሁ በየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ብታሰምሩት ግድግዳው ላይ እያንዳንዱ ካሬ 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 12 በአግድም፣ 16 በቁመት። አግድሙን በፊደል፣ ቁመቱን በቁጥር ሰይሙትና ሦስት ሰው ሳይጋጭ በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላል። የመጀመሪያውን ቋሚ መስመር በቱንቢ፣ የመጀመሪያውን አግድም በውሃ ልክ አውጡ። የግድግዳውን ጠርዝ ተከትሎ ማስመር ያስታል፤ ብዙ ግድግዳ ቀጥ ያለ አይደለምና ካሣ ወደ ጎን ያዘመመ ይሆናል። ሲባጎውን ከሰል አስነክታችሁ ወጥራችሁ ብትለቁት መስመሩ በአንድ ምት ይወጣል፤ በሰም እርሳስ ግን አታስምሩ፤ ሰሙ ቀለም አያስይዝም።

ስለ ቀለም መጠን፤ ሸካራ ልስን ላይ አንድ ሊትር ለአንድ ዙር ከ5 እስከ 6 ካሬ ሜትር ነው የሚሸፍነው። ለ12 ካሬ ሜትር የውጭ ፕራይመር (ከመደቡ ቀለም በፊት የሚቀባ) ከ2 እስከ 2.5 ሊትር፣ ለመደቡ ሁለት ዙር የውጭ ፕላስቲክ ቀለም ከ4 እስከ 5 ሊትር ያስፈልጋል። ፕራይመር ካልተገኘ የመደቡን ቀለም ከ20 እስከ 30 በመቶ ውሃ አቅጥኖ አንድ ዙር ማጠጣት ይቻላል። ለሥዕሉ ደግሞ ነጭ 4 ሊትር፣ ጥቁር፣ የአፈር ቢጫና ቀይ ቡኒ አንዳንድ ሊትር፣ ሰማያዊ ግማሽ ሊትር ይበቃል። የአፈር ቀለሞች ከብረት ዝገት የሚሠሩ ስለሆኑ ፀሐይን ይቋቋማሉ። ደማቅ ሮዝና ብርቱካናማ በርካሽ ሲገዙ ቶሎ ይነጣሉ። ደግነቱ ካሣ የሚፈልገው የአፈርን ቀለም ነው።

ቆዳውን በሦስት እጅ ቀይ ቡኒ፣ በሁለት እጅ ቢጫና በጣም ጥቂት ጥቁር ጀምሩት። ብርሃን የሚያርፍበት ጉንጭና ግንባር ላይ ነጭ ብቻ ጨምራችሁ አታንጡት፤ አመድ የነካው ይመስላል። መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ትንሽ ነጭ። ለጥላው ከጥቁር ይልቅ ሰማያዊ ጠብ አድርጉበት።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ሸማው ነው። ነጭ ግድግዳ ላይ ነጭ ልብስ በነጭ ቀለም ከተሳለ ልብሱ ይጠፋል። ሦስት ዓይነት ነጭ በሦስት ጣሳ አዘጋጁ፤ አንዱ አሥር እጅ ነጭ በአንድ እጅ የአፈር ቢጫ፣ ሁለተኛው ያው ከጥቂት ጥቁርና ሰማያዊ ጋር ለእጥፋቱ ጥላ፣ ሦስተኛው ንጹሕ ነጭ። ንጹሑን ነጭ ብርሃን በሚያርፍበት የእጥፋቱ ጀርባ ላይ ብቻ፣ ከጠቅላላው ልብስ ከአሥር አንድ እጅ በማይበልጥ ቦታ አስቀምጡት። እውነተኛ ጋቢ ወንበር ላይ ጥላችሁ ጠዋት ተመልከቱት፤ ትከሻ ላይ እጥፋቱ ይሰበራል፣ ክንድ ላይ ይከማቻል፣ ከጉልበት በታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል። እነዚህ ሦስቱ ከተለዩ ልብሱ ክብደት ያገኛል።

ፕላስቲክ ቀለም ሲደርቅ በትንሹ ይጠቁራል፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ድብልቅ ከታች ባለው ግራጫ ክፍል ላይ ነካ አድርጋችሁ ደርቆ እዩት። በአንድ ዙርና በሚቀጥለው መካከል 4 ሰዓት ያህል ይቆይ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ አትሥሩ፤ ቀለሙ ብሩሹ ላይ ሳለ ይደርቃልና የመደራረብ መስመር ይቀራል። መወጣጫው የባሕር ዛፍ አጣና ከሆነ እያንዳንዱ እግር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቁም፣ ከግድግዳው 40 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከታች ሁልጊዜ አንድ ሰው ይኑር። ወራቱ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ነው። በመስከረም ሰማዩ ቢጠራም ግድግዳው ገና ውሃ አለው።

ስሙን ስትጽፉ ፊደሉ በመጽሐፉ ላይ እንደታተመው ይሁን፤ አፍቃሪው ስሕተት አይምርም። 15 ሜትር ስፋት ካለው መንገድ ማዶ ለመነበብ ፊደሉ ቢያንስ 12 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያስፈልገዋል። ከመጽሐፉ ረጅም ንግግር መጻፍ ከፈለጋችሁ ግን ቆም በሉ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ መብት ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው። አጭር ጥቅስ ከነምንጩ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ያለፈው የወራሾችን ፈቃድ ይጠይቃል።

ለበረንዳ ወይም ለአዳራሽ ግን ሌላ መንገድ አለ፤ የጣና አብያተ ክርስቲያናት ሠዓሊዎች ጥጥ ጨርቅ ላይ እየሳሉ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር። አቡጀዲ ወጥራችሁ፣ ሁለት ጊዜ በቀጭን ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ቀብታችሁ፣ መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ብትስሉ ፊትና እጅ እጅግ ያምራል። ዝናብ የሚነካው ቦታ ላይ ግን ጥጥ ይበሰብሳልና አይሞከርም።

የደንገል ካሣ

ሥዕል የማይፈቀድበት ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በጣና ዳር መናፈሻ፣ ለሁለት ሦስት ቀን የሚቆም የደንገል ቅርጽ የበለጠ ያምራል፤ እንዲያውም ለዚህ ከተማ ከሥዕሉ ይልቅ ይህ ይስማማል ብለን እናምናለን። ደንገሉን ራሳችሁ ከመቁረጥ ታንኳ ከሚሠሩ የወይጦ ባለሙያዎች ግዙ፤ ማሰሩንም እነርሱ ቢያሳዩአችሁ ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉ። እነርሱ የትኛው አገዳ እንደ ጎለመሰ በአውራ ጣት ተጭነው ያውቃሉ። አገዳው ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሲቆረጥ ውስጡ ነጭና አየር የሞላው ነው፣ ውጩ አረንጓዴና ልስልስ። ለጋው ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ሲደርቅም ይጨማደዳል፤ የጎለመሰው ይመልሳል።

የተቀመጠ ሰው ለመሥራት አጽሙ ከአጣና ይሁን። የ1.2 ሜትር ቋሚ፣ በትከሻ በኩል 50፣ በዳሌ በኩል 35 ሴንቲ ሜትር አግድም። ለጭን 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ለባት 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ እያንዳንዱ 45 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው እስር፤ ለደረት ጎን ለጎን የሚቆሙ ሦስት ወፍራም እስሮች። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በቃጫ ገመድ እሰሩ። ደንገል ሲደርቅ ይቀጥናል፤ ስለዚህ አሥራችሁ ጨርሳችሁ ከሳምንት በኋላ እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው። ይህ ካልተደረገ ካሣ በቆመበት ቀን ትከሻው ይወርዳል። ጣቶቹን ከተሰነጠቀ አገዳ ሥሩ፤ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነርሱ ናቸውና መለዋወጫ አዘጋጁ። ፊት አታውጡለት፤ ራሱ ተጠምጥሞ የታሰረ ደንገል ይሁን፣ አሮጌ ጋቢ ይደረብለት።

ጣና ላይ ጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ጋቢው ነፋስ ይሞላልና ከዳሌው በታች 25 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት የአሸዋ ጆንያ አስቀምጡ፣ ጋቢውን ደግሞ በሦስት ቦታ ስፉት። ደረቅ ደንገል በቅጽበት ይነድዳል፤ ሻማና ጧፍ ከአጠገቡ ይራቅ። አንዳንዱ እምቦጭን ነቅሎ ቢሞላበት ሐይቁን ያጸዳ ይመስለዋል። እምቦጭ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣናን እያስጨነቀ ያለ አረም ነው፤ ዘሩ ደርቆም ለዓመታት ይኖራልና ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ ማዛመት ነው። አትንኩት።

ደብዳቤና ንባብ

በዌልስ፣ በካርዲፍ የባሕር ዳርቻ፣ በ2009 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ የሞተውን ያንቶ ጆንስ የተባለ ገጸ ባሕርይ የሚወዱ ሰዎች ደብዳቤ፣ ፎቶና አበባ አንድ ግድግዳ ላይ መተው ጀመሩ፤ ቦታው ለዓመታት ሲጎበኝ ኖሯል። ለካሣም ደብዳቤ የሚጻፍበት ሰሌዳ ማቆም ይቻላል። የሚያበላሸው እርጥበት ነው። በእርሳስ የተጻፈ ውሃ ቢነካውም ይነበባል፣ በኢንክጄት የታተመ ግን ይፈሳል። የላስቲክ ኪሱ አፍ ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ላይ ከሆነ ዝናብ ይሞላዋል። ላሚኔት የሚደረግ ከሆነ ከወረቀቱ ጠርዝ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ላስቲክ ይተረፍ፤ ጠርዙ ላይ ከተቆረጠ ውሃ ይገባዋል። በየወሩ አንድ ሰው ይሰብስበው፤ ላስቲክ ሐይቅ ውስጥ መግባት የለበትም።

ንባብን በተመለከተ ብዙ ሰው ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ያነበቡትን ቅጂ በድምፅ ማጉያ ማጫወት ይፈልጋል። ድምፁ ማንም የማይተካው ነው፤ ቅጂውን በአደባባይ ለማጫወት ግን የባለመብቱን ፈቃድ ጠይቁ። በአፍ የሚነበብ ከሆነ አንድ ገጽ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይወስዳል፤ ለአንድ ሰው ከአምስት ገጽ በላይ አትስጡ፣ የካሣን ንግግር ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሰው ያንብበው።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ከእያንዳንዱ ድብልቅ 200 ሚሊ ሊትር በመስታወት ማሰሮ ክዳኑን አጥብቃችሁ አስቀምጡ፤ በላዩም «የቆዳ ጥላ»፣ «ሁለተኛ ነጭ» እያላችሁ ጻፉ፣ መጠኑንም ጨምሩ። መከላከያ ቫርኒሽ ከቀባችሁ ውሃ ላይ የተመሠረተና የማያብለጨልጭ ይሁን፤ ዘይት ያለበት በፀሐይ ይወይባል። እርጥበት የሚስብ ግድግዳ ከሆነ ጭራሹን ይቅር፤ ውሃውን ከውስጥ አፍኖ ቀለሙን ያሳብጠዋል። በየዓመቱ በጥቅምት ግድግዳውን በለስላሳ ብሩሽና በንጹሕ ውሃ ከላይ ወደ ታች እጠቡ፣ አሸንዳውን ቅጠል ጥረጉ፣ ያበጠ ቦታ ካለ በቢላ ጫፍ ከፍታችሁ ከሥሩ ያለውን ልስን ፈትሹ። ልስኑ ደረቅ ከሆነ በማሰሮው ቀለም ይጠገናል። እርጥብ ከሆነ ውሃው የሚመጣበትን ሳታገኙ ቀለም አትንኩ።